የልደታው ሁለተኛ ፍርድ ቤት

ልደታ ውስጥ ሁለት ፍርድ ቤት አለ። አንደኛውን አገር ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ፋይል ያቀፈ ሰው ይርመሰመሳል፣ አጥሩን ተከትሎ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳውና ማመልከቻ የሚጽፈው ተደርድሯል፣ ጠበቃው ካባውን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ በስልክ «ደርሻለሁ፣ በር ላይ ነኝ» እያለ ይዋሻል። ሁለተኛው ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ የሚያስችለው ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ ቀለሙ የለቀቀ የቢራ ማስታወቂያ፣ ውስጡ ደግሞ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ አንዲት ዘፋኝ፣ ስድስት አግዳሚና ሃያ ሦስት ሰው። ሃያ አራተኛው ከመጣ አንዱ መውጣት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ሽንቱ የመጣ ሰው ነው። ሲመለስ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል፤ የምሽቱ የመጀመሪያ ክርክርም እዚያ ላይ ይከፈታል።

እኔ ልደታ መጤ ነኝ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልኝ አራተኛ ፎቅ ላይ የሰፈርኩ ሰው ነኝ። ሰፈሩ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ እንደ አዲስ የተሠራ ስለሆነ ነባሩም መጤውም አንድ ደረጃ ላይ ነው የሚገናኘው። ሊፍት ስለሌለ ሁላችንም እኩል እናለከልካለን። ጎረቤቴ ጠበቃ ነው። አንድ ዓርብ ማታ በሬን አንኳኩቶ «ተነሥ፣ ችሎት እንግባ» አለኝ። በዚህ ሰዓት ችሎት መኖሩ ገረመኝ፤ ግን የሕግ ሰው ያለውን መጠራጠር አልወድም። ክራቫት አስሬ ወረድኩ።

ክራቫት አስሮ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ ያውቀዋል። ባለ ማሲንቆው ገና ከበሩ ሳልፍ ነው ያየኝ። ዘፈኑን አላቋረጠም፤ ደጋኑን እየሳበ በዓይኑ ብቻ ተከተለኝ፣ እስክቀመጥ ጠበቀኝ፣ ቢራዬ እስኪከፈት ታገሠኝ። ከዚያ መጣ። አዝማሪ ሲመጣብህ መሸሻ የለህም። ግድግዳው ጀርባህን ይዞታል፣ ጉልበትህ ከፊት ለፊትህ ሰው ጉልበት ጋር ተቆላልፏል፣ በሩ ደግሞ ከባለ ማሲንቆው ኋላ ነው።

«ጋሼ፣ አገርዎ የት ነው?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ጎንደር ያለ ሰው የፋሲል ግንብ ይነሳለታል፣ ጎጃም ያለ ዓባይ ይወርድለታል። ወሎዬማ ከነጭራሹ ጌታ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በአገሩ ስም የሚጠሩ ናቸው። ማሲንቆው ራሱ ግማሽ ወሎዬ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ የምኖረው ልደታ ነው። «ልደታ» አልኩት። ደጋኑ ቆመ። ቅጽ የሚሞላ የቀበሌ ሠራተኛ «ሌላ» የሚል ሣጥን ሲያጣ የሚያሳየውን ፊት አሳየኝ።

ያዳነኝ የመሰለኝ ጠበቃው ነው። ወደ ባለ ማሲንቆው ጆሮ ጠጋ ብሎ ልደታ የዋዛ ሰፈር እንዳልሆነች፣ ቦሌ ገና ግጦሽ ሳለ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚህ እንደነበረ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከልደታ ሜዳ መሆኑን ነገረው። ሁሉም እውነት ነው። ጄት የሚባለው ነገር ሲመጣ፣ ቦይንግ 720 ሲገዛ፣ ሜዳው አጠረና ነገሩ ሁሉ ወደ ቦሌ ዞረ እንጂ ክብሩስ የኛ ነበር። ባለ ማሲንቆው ራሱን ነቀነቀ፣ ጭራውን አንድ ጊዜ ሳብ አደረገና፣

«አውሮፕላኑ ካይሮ ገባ ተነሥቶ፣
ይሄ ሰው ሜዳ ላይ ቀረ ተረስቶ»

አለ። ቤቱ ፈነዳ። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ ከሳቃቸው ብዛት ብርሌያቸውን ጉልበቴ ላይ ደፉብኝ፣ ይቅርታም አልጠየቁኝም፤ እንደ ፍርዱ አካል ነው የቆጠሩት።

የምለው ነገር ካለ ይኸው ነው፤ እዚህ ቤት ታዳሚ የሚባል ነገር የለም። ተከሳሽ ነው ያለው። በትልቅ አዳራሽ፣ በስታዲየም ኮንሰርት፣ ገንዘብህን ከፍለህ ትገባለህ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቀህ ትቆማለህ፣ ዘፋኙን በስክሪን ታየዋለህ፣ የፊትህ ሰውዬ ደግሞ ስልኩን አንሥቶ ስክሪኑን ይቀርጻል፤ አንተም የሰውዬውን ስልክ ታያለህ። ዘፋኙ «አዲስ አበባ፣ እወድሻለሁ!» ይላል። አዲስ አበባ ማለት አንተ አይደለህም። ትናንት ሌላ ከተማ ላይም ያንኑ ብሏል። ልደታ ግን ባለ ማሲንቆው የሚያውቀው ያንተን ክራቫት ነው። ላቡ ብርጭቆህ ውስጥ ጠብ ይላል። ማሲንቆው ላይ የተወጠረው ቆዳ የት ጋ እንደተጣፈ፣ የፈረስ ጭራው ላይ ስንት ቦታ እንደሳሳ፣ መቃኛውን ሲያጠብቅ ከንፈሩን እንዴት እንደሚነክስ ታያለህ። በዘፈኖቹ መካከል ከኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ሙጫ አውጥቶ ደጋኑን ያሻል፤ አስተሻሸቱ እንደ ቄስ መስቀል አያያዝ ያለ እርጋታ አለው። ያን ጊዜ ቤቱ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ማን እንደሚከሰስ አይታወቅማ።

የኔ ሁለተኛ ክስ ብዙ አልቆየም። እኔ ጠጪ አይደለሁም፤ አንዲት ቢራ ይዤ ማምሸት እችላለሁ። ይህንን እንደ ጥሩ ጠባይ ነበር የምቆጥረው። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ዘፋኟ ከበሮውን ከደረቷ ላይ ሳታወርድ ብርጭቆዬን በአገጯ ጠቆመችው፤ እሱም ጥቆማውን ተቀብሎ፣

«አንዲት ቢራ ይዞ የሚያመሽ እስከ ስድስት፣
ብሩን ጥዶት ይሆን እቤቱ በድስት»

ሲል ፈረደብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ባለ ድስቱ» ነው። ወላጆቼ በክርስትና ያወጡልኝን ስም እዚያ ቤት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። የቤቱ እመቤት፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው፣ ሒሳብ ሲይዙ እንኳ ደብተራቸው ላይ «ድስቱ፣ 1» ብለው ነው የሚጽፉት። አጠገባቸው ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ያ «1» ነው ያበሳጨኝ።

ጠበቃው በኔ ሲስቅ ተራው የሚደርሰው አልመሰለውም ነበር። ሥራው ይግባኝ ነው፤ ቀን ሙሉ ይግባኝ ሲጽፍ ነው የሚውለው። ይግባኝ ማለት ደግሞ በአማርኛችን ሁለት ነገር ነው፤ ከገባህ ገባህ። ባለ ማሲንቆው እንዲህ አለው፦

«ጠበቃው ወዳጄ ሁሌም ይግባኝ ባይ ነው፣
ዘፈኑ ካልገባው ሌላስ ምን ሊለን ነው»

ግማሹ ቤት ወዲያው ሳቀ። ሌላው ግማሽ በሰሙ ሳቀና ቆይቶ ወርቁ ሲገባው እንደገና ሳቀ። ጠበቃው ራሱ ሦስተኛ ነው የሳቀው። በማግስቱ ደረጃ ላይ ሳገኘው «የድሮ ሰው የሚከራከረው እንዲህ ነበር እኮ» አለኝ፤ ስለ በላ ልበልሃ ነው የሚያወራው። ዳኛው ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ዘንግ ይዘው እየተንጎራደዱ፣ በግጥምና በቅኔ እየተነጋገሩ የሚሟገቱበት ያ ሥርዓት የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ካለ እኔ አድራሻውን እሰጠዋለሁ። ሙግቱ ወደ ቢሮ ገባ፣ ግጥሙ ግን አልገባም፤ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ቄጤማ ጎዝጉዞ ማታ ማታ ያስችላል። ቀጠሮ አይሰጥም። መዝገብ አይጠፋበትም። ይግባኝም፣ እንዳያችሁት፣ አያስኬድም።

ይህን ችሎት የፈሩት ደግሞ እኔና ጠበቃው ብቻ አይደለንም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ የጣሊያኑ ግራዚያኒ እየተያዙ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል በየመንገዱና በየገበያው እየዞሩ የሚያዜሙት ይገኙበታል፤ ከባሕታዊውና ከጠንቋዩ ጋር አንድ ላይ ነው የጻፋቸው። አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ ይዞ የመጣ ጦር አንድ ክር ያላትን ማሲንቆ ፈራ። ዘመረ ከሚለው ግሥ የወጣውን አዝማሪ የሚለውን ስም እኛው ራሳችን ስድብ አድርገነው ስንኖር፣ ጠላት ግን ዋጋውን በትክክል ገምቶታል። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቢራዬ ይሞቃል።

በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ይህን የሚያጫውቱኝ ብርሌያቸውን የደፉብኝ ጡረተኛ ናቸው፤ አሁን ወዳጆች ሆነናል። የከተማው ሰው ከእኩለ ሌሊት በፊት ቤቱ መግባት አለበት፣ ካልሆነ እስኪነጋ ካለበት አይወጣም። የመዝናኛ ቤቱ ሰው ሁለተኛውን መረጠ። በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ሙዚቃው እስከ ንጋት ይቀጥላል። ትልልቆቹ ባንዶች በየሆቴሉ እንደዚያ ሲያነጉ፣ ትንንሾቹ ቤቶችም በአቅማቸው ያነጉ ነበር። «እኛ የተለየ ጀግንነት አልነበረንም፣ መውጫ ነው ያጣነው» ይላሉ ሰውዬው። ሚስታቸውን ያገኟት እንደዚያ ባለ ሌሊት ነው። ሌሊቱን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጣ ስለነበር ሲነጋ ዝም ብሎ መለያየት ነውር ሆነባቸው። አርባ ምናምን ዓመት ሆናቸው፤ ሰዓት እላፊው ተነሥቷል፣ እሳቸው ግን አልወጡም።

ስለ ቤቱ ጉድለት ካልተናገርኩ አመስጋኝ አዝማሪ እመስላለሁ። ስለዚህ፦ ሃያ ሦስት ሰው ለሚይዝ ክፍል ፍሪጅ የሚያክል ድምፅ ማጉያ ምን ያደርጋል? እትዬ ባለፈው ዓመት ገዝተውት መጡ። ማሲንቆ እኮ በተፈጥሮው ጆሮ ላይ የሚያንሾካሹክ ነገር ነው። በማጉያ ሲመጣ የጎማ ፋብሪካ ይሆናል። አንድ ሳምንት ቻልነው። ከዚያ መብራት ጠፋ፣ በሻማ ተዘፈነ፣ የምሽቱ ሽልማት ከወትሮው በዛ፤ ባለ ማሲንቆው የተዘረጋውን ብር ቆጠረና ከዚያ ወዲህ ማጉያው ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦበታል። ሁለተኛ፣ የሽንት ቤቱ ቁልፍ። እንዳይጠፋ ተብሎ በአሮጌ የወጥ ጭልፋ ላይ ታስሯል። ጭልፋ ይዞ ከሃያ ሦስት ሰው ፊት የሚነሣ ሰው የት እንደሚሄድ ለማንም አይሰወርም፤ ለአዝማሪ ደግሞ የበለጠ አይሰወርም። ድስትና ጭልፋ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን እንደተባልኩ እዚህ አልጽፈውም።

ሦስተኛው የዘመኑ ችግር ነው። ሽልማት ድሮ ግንባር ላይ ይለጠፍ ነበር። ላብ ያለበት ግንባር፣ ድፍን ብር፣ በቃ። ከዚያ የአንድ ብር ኖት ወደ ሳንቲም ተለወጠ፤ ሳንቲም ግንባር ላይ አይለጠፍም። ቀጥሎ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ባለ 200 ብር ኖት መጣ፤ እሱማ ይለጠፋል፣ ልቤ ነው የማይለጥፈው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቴሌብር መጣና ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ። አሁን ባለ ማሲንቆው ስልክ ቁጥሩን በካርቶን ጽፎ ከማሲንቆው ቆዳ ጀርባ ለጥፎታል። አንዱ ስሜቱ ይነካና ይነሣል፣ እስክስታ ይወርዳል፣ በትከሻው እየተንቀጠቀጠ ወደ ባለ ማሲንቆው ይጠጋል፤ ከዚያ ይቆማል። ስልኩን ያወጣል። መነጽሩን ይፈልጋል። «ሁለት ነው ሰባት?» ይላል። ማሲንቆው ቅኝቱን ይዞ ይጠብቃል፣ ከበሮው በቀስታ ይመታል፣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የሚስጥር ቁጥሩን ሲያስገባ ቤቱ በጨዋነት ወደ ኮርኒሱ ያያል። በመጨረሻ የአዝማሪው ኪስ ውስጥ ስልኩ ጢን ይላል፣ እልልታውም ያኔ ይቀልጣል። ስንት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። የድሮው ግንባር ደግነቱ ይህ ነበር፤ የሰጠኸው በአደባባይ ይታያል። ስስታሞቹ ደስ ብሎናል። ምንም ሳልልክ ስልኬን አውጥቼ በጣቴ የነካካሁበት ምሽት የለም አልልም።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ዕድሜያቸው አጭር ነው። ካሳንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲፈርስ ፈንድቃም ከነበረበት ተነሣ። መላኩ በላይ ለሽልማት እየጨፈረ፣ እዚያው እያደረ፣ ኋላም ራሱ ተረክቦት ዓለም ያወቀው ያ ቤት ማለቴ ነው። ከዚያ በፊት ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ላይ የተነሣው እሳት እዚያው የነበረውን የሙዚቃ ቤት፣ ጃዝአምባን፣ ይዞት ሄዷል። የኛው ቤት በቁመቱም በስሙም ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም። ለምን እንደቆየ ስጠይቃቸው እትዬ «ማንም አያየውማ» አሉኝ። ከላይ ባቡሩ ያልፋል። ልደታ ላይ ሐዲዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው በአብነት አድርጎ ወደ መርካቶና ምኒልክ አደባባይ። ባቡሩ ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያ ላይ ይንጫጫሉ፤ ባለ ከበሮዋ በዚያ ላይ ምት ትጨምርበታለች።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ድስቱን ከስሜ ላይ ለማውረድ አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ፤ ራሴ «ተቀበል!» ማለት። ደንበኛ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፣ ስንኙ ከሰመረ ሰውዬው ይከበራል። አንድ ሳምንት ተዘጋጀሁ። ቢሮ ውስጥ ከሪፖርት ጀርባ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ በታክሲ ውስጥ አጉረመረምኩ፤ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎኝ ያውቃል። ባለቤቴ በእንቅልፍ ልቤ ቤት ስመታ ሰምታ «ማንን ነው የምታሞግሰው?» ብላ አንድ ሌሊት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ቀኑን የመረጥኩት አስቤበት ነው፤ የግንቦት ልደታ። ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይበላል፣ ስሙ የሰፈሩ ስም ነው፣ ሰው ደስ ብሎታል። እትዬም የስንዴና የባቄላ ንፍሮ በሰፌድ እያዞሩ ነበር። ሁለተኛ ቢራ አዘዝኩ። ቤቱ ይህን ብቻ አይቶ ጸጥ አለ። ተነሣሁ። «ተቀበል!» አልኩ። ባለ ማሲንቆው ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። ደጋኑን ጭራው ላይ አሳረፈ።

«ዕጣው ወጣልኝና ልደታ ገብቼ፣» አልኩ።

«ዕጣው ወጣልኝና ልደታ ገብቼ፣» ብሎ አሳምሮ ተቀበለ፤ እኔ ካልኩት ይልቅ እሱ ሲለው ግጥም መሰለ። ዘፋኟ ደገመችው። ከበሮው መታ። ጡረተኛው «አሃ!» አሉ። ሁሉም ወደኔ ዞረ።

ሁለተኛው ስንኝ የለም። አንድ ሳምንት ሙሉ አብሮኝ የተኛው፣ አብሮኝ ታክሲ የተሳፈረው ስንኝ የት እንደገባ አላውቅም። አፌ ውስጥ ያለው ንፍሮ ብቻ ነው። ባለ ማሲንቆው አንድ ዙር ጠበቀኝ። ሁለተኛ ዙር ጠበቀኝ። ባቡሩ በላይ አለፈ፣ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። በሦስተኛው ዙር ወደኔ ጎንበስ ብሎ በሐዘኔታ አየኝና የኔን ስንኝ በኔው አፍ ጨረሰልኝ፦

«ዕጣው ወጣልኝና ልደታ ገብቼ፣
ቤት መምታት አቃተኝ ቤትማ አግኝቼ»

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። አራተኛ ፎቅ ስደርስ ባለቤቴ በሩን ከፈተችና «የት አመሸህ?» አለችኝ። «ፍርድ ቤት» አልኳት። «እና?» አለችኝ። «ተፈርዶብኛል» አልኩና ተኛሁ።

ጠዋት ልጄን ወደ ትምህርት ቤት ልሸኝ ስወርድ የግቢው ዘበኛ በሩ ላይ አለ። ከወትሮው የሚለየው ነገር ቢኖር አለመነሣቱ ነው፤ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ዱላውን በግራ ትከሻው ላይ ጋደም አድርጎ በቀኝ እጁ በሌላ እንጨት ይገዘግዘዋል። እንዳላየሁ ሆኜ ላልፍ ስል «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለኝ በታላቅ አክብሮት፤ ጉሮሮውንም ጠራረገ።

«ዕጣው ወጣልኝና...» ሲል የሁለተኛ ፎቁ መስኮት ተከፈተ፣ የሦስተኛውም ተከፈተ። ቀሪውን የተቀበለው፣ በሚያምር ድምፅ፣ እጄን ይዞ የቆመው ልጄ ነው።